«መኖሪያህ የት ነው?» — የሚኤሶ ወረዳ ችሎትና የአርብቶ አደሩ ክስ

የአንድ ኅብረተሰብ የዳኝነት ሥርዓት ከአየር ላይ የሚወርድ ነገር አይደለም። መሬቱን ማን እንደያዘው፣ ግብሩን ማን እንደሚሰበስበው፣ ከብቱ የት ውሎ የት እንደሚያድር በሚወስነው የኑሮ መሠረት ላይ የሚቆም ነው። ሕጉ በነጭ ወረቀት ላይ ሲታይ ለሁሉም እኩል ይመስላል። እኩልነቱ የሚፈተነው ግን ባለጉዳዩ በእግሩ ተጉዞ ከችሎቱ ፊት ሲቆምና ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቀው ነው፤ ስምህ ማን ነው? መኖሪያህስ የት ነው?

ለከተማ ነዋሪ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ከጥያቄም የሚቆጠር አይደለም። የቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር ተናግሮ ያልፋል። በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ፣ በሚኤሶ አካባቢ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው የፍትሕ ችግር ሁሉ በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው የሚኤሶን የዳኝነት ወረዳ ታሪክ ነው።

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው አሰቦትን አልፎ ሚኤሶ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። የመኪናው መንገድ ወደ ጨርጨር ደጋ ሽቅብ ይወጣና ጭሮ፣ በቀድሞ ስሙ አሰበ ተፈሪ፣ ይገባል። ሐዲዱ ግን ዳገቱን ሸሽቶ ቆላውን እንደያዘ በሙሉ፣ በአፍደምና በኤረር አድርጎ ወደ ድሬዳዋ ይዘልቃል። በስተላይ ቡናና ጫት የሚያለማው ደገኛ አለ፤ በስተታች በግመልና በፍየል የሚተዳደረው ቆለኛ አለ፤ በመካከሉ ደግሞ ማሽላ እየዘራ ከብት የሚያረባው ይኖራል። ኢቱ ኦሮሞ፣ ኢሳና ሐውያ ሶማሌ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ደግሞ ዓፋር በዚህ ሥፍራ ይገናኛሉ። የሚያገናኛቸው ውሃና ሣር ነው። የሚያጣላቸውም እርሱው ነው።

የመንግሥት ዳኛ በአካባቢው ከመቀመጡ በፊት ሕግ አልነበረም ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ኢቱዎች በኦዳ ቡልቱም ጥላ ሥር ተሰብስበው ሕግ ያወጡ ነበር። ኢሳዎች «ሔር» የተባለ በቃል የሚተላለፍ የራሳቸው ሕግና 44 አባላት ያሉት የሽማግሌዎች ሸንጎ ነበራቸው። ዓፋርም «መዳአ» በሚለው ሕጉ ይዳኝ ነበር። እነዚህ ሥርዓቶች ጥንታዊ ስለሆኑ ብቻ እናወድሳቸው ማለታችን አይደለም። በአብዛኛው ለሴቶች በሸንጎው ቦታ የማይሰጡ፣ አንዱ ያጠፋውን ጥፋት በጎሣው ሁሉ ላይ የሚጭኑ፣ ደምን በካሣ ለማብረድ ቢጥሩም በቀልን ጨርሰው ያላጠፉ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ብቃት ነበራቸው። ተከሳሹ የሚፈለገው በቤቱ ሳይሆን በጎሣው ነበር። ሰውየው ከመንጋው ጋር በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ቦታ ቢሰፍርም ጎሣው ስለማይጠፋ፣ ሽማግሌዎቹን ማግኘት ማለት እርሱን ማግኘት ነበር።

የጨርጨር ደጋና ሐረር በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በተደረገበት ዘመን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገቡ፣ ዳኝነቱም ከግብሩ ጋር ተጣምሮ መጣ። በባላባታዊው ሥርዓት ገዥነትና ዳኝነት የማይለያዩ ነገሮች እንደነበሩ ይታወቃል። ግብር የሚያስገብረው ሰው ያው ራሱ ፈራጅ ነበር። በደጋው ላይ ገባሩ አራሽ ስለሆነ የሚያዝበት ማሳ ነበረው። በቆላው ግን ሹሙ የሚፈልገው ሰውዬውን ሳይሆን ከብቱን ስለሆነ፣ ዳኝነቱም እስከዚያው ድረስ ብቻ ይደርስ ነበር።

ጨርጨር በአገሪቱ የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ የተለየ ስም ያተረፈ ግዛት መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከእርሳቸውም በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በተራ አስተዳድረውታል። ሁለቱም በዘመናቸው የአዲስ አስተሳሰብ ሰዎች ነበሩ፤ ጨርጨርም ለሌሎች አርአያ የሚሆን ግዛት ተብሎ የግብሩና የሹማምንቱ አሠራር እንዲሻሻል ተሞክሮበታል። ሙከራውን ማቃለል ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም የተሐድሶው ዓይን ያረፈው በደጋው ቡናና በእርሻው ግብር ላይ ነበር። ከዳገቱ ሥር ያለው አርብቶ አደር በአርአያው ግዛት ውስጥ ቢቆጠርም በአርአያነቱ ውስጥ አልገባም።

ሚኤሶን ከተማ ያደረጋት ሐዲዱ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የባቡር መንገድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ መስመር ላይ ሚኤሶ አንዷ ጣቢያ ሆነች። ከሐዲዱ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በመልእክተኛው ስም «የክሎቡኮቭስኪ ውል» እየተባለ የሚጠራው ስምምነት፣ የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስላቸው፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ደግሞ ቆንስላቸው ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጎን ተቀምጦ እንዲዳኙ ፈቀደ። ሌሎችም አውሮፓውያን በዚሁ መብት ተጠቀሙ። እንግዲህ ሠራተኛው አንባቢ ሁኔታውን በዓይነ ኅሊናው ይመልከተው። በአንድ የባቡር ጣቢያ ዙሪያ ባዕዱ መሐንዲስ ከአገሩ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሳለ ሕጉ ተከትሎት መጥቷል። በዚያው ሐዲድ ላይ ከብቱን የሚያሻግረው የአካባቢው ተወላጅ ግን በአባቱ መሬት ቆሞ ሳለ ሕጉ ከእርሱ ሸሽቷል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮ በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ መንግሥት የአስተዳደሩንና የዳኝነቱን ሥራ እንደገና አዋቀረ። በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፈለች። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቋቋመ። የሐረርጌ አውራጃዎች ስም በራሱ የዚያን ዘመን አስተሳሰብ የሚገልጥ ነው። ሚኤሶ የተመደበችው «ጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ» በተባለው፣ መቀመጫው አሰበ ተፈሪ በሆነው አውራጃ ውስጥ ነበር። ከእርሱ በስተምሥራቅ ያለው ደግሞ «ኢሳና ጉርጉራ» ይባል ነበር፤ መቀመጫውም ድሬዳዋ ነበረች። አንዱ አውራጃ በአገር ስምና በሕዝብ ስም ተደባልቆ፣ ሌላው በጎሣ ስም ብቻ ተጠራ። ስለሆነም አንድ የኢሳ ተወላጅ በበጋ ወራት ግመሎቹን ይዞ ወደ ሚኤሶ ውሃ ሲመጣ፣ እግሩ የጨርጨርን መሬት ቢረግጥም ስሙ በኢሳና ጉርጉራ አውራጃ መዝገብ ላይ የቀረ ሰው ነበር። ክሱን የሚያየው የትኛው ዳኛ ነው? ሰውየው የቆመበት ወይስ ስሙ የተጻፈበት?

ዝቅተኛው የዳኝነት እርከን እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ ነበር። ሥልጣኑ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በጥቃቅን ጥፋቶች እስከ 15 ብር መቀጫ የሚደርስ ሲሆን፣ ከመፍረዱም በፊት ባለጉዳዮቹን ለማስታረቅ መጣር ነበረበት። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን አጥቢያ ዳኛ ሆኖ የሚሾመው ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ባላባት ወይም ባለመሬት መሆኑ ሲታሰብ፣ ተከራካሪው ወገን ራሱ ፈራጅ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም። ከዚህም በላይ የቆላው ሙግት ስለ አንዲት ዶሮ ወይም ስለ ማሳ ዳር ጠብ አይደለም። የመንጋ ሙግት ነው። የመንጋ ዋጋ ደግሞ ከ25 ብር ስለሚያልፍ፣ አርብቶ አደሩ ገና ከመነሻው ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ አውራጃ መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር።

በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 195 የወረዳና የአውራጃ ግዛት ፍርድ ቤቶች መልክ ይዘው ተደራጁ። ባለጉዳዩ ማመልከቻ ያስጽፋል፤ ገንዘብ ይከፍላል፤ ቀጠሮ ይቀበላል። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። የኢቱው ኦሮምኛና የኢሳው ሶማልኛ በአስተርጓሚ አፍ ያልፋሉ። በአስተርጓሚ አፍ ያለፈ ነገር ምን ያህሉ ከዳኛው ጆሮ እንደሚደርስ ለመገመት አያዳግትም። ይግባኝ ያለ ሰው ወደ አሰበ ተፈሪ ዳገቱን ይወጣል። በአንድ ቀጠሮ ተከሳሹ ባይቀርብ ሁለተኛ ቀጠሮ ይሰጣል፤ በመካከሉ ዝናብ ዘንቦ ሣር በሌላ ቦታ ይበቅላል፤ መንጋው ይነሣል። አርብቶ አደሩ በዚያን ቀን ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው። ከብቱን ትቶ ክሱን መከተል፣ ወይም ክሱን ትቶ ከብቱን መከተል። የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ሕጉ ራሱ ከዚህ ኑሮ ጋር የተጋጨው በሦስት በኩል ነው። አንደኛው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘውን መሬት ሁሉ፣ ከእርሱም ጋር ደኑን፣ የግጦሽ መሬቱንና ወራጅ ውሃውን የመንግሥት ሀብት አደረገው። በሚኤሶ ሜዳ ላይ ለትውልዶች ሲያግድ የኖረ ሕዝብ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የመንግሥትን ሣር የሚግጥ እንግዳ ሆነ። ሁለተኛው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 3347 በሕጉ ውስጥ የተሸፈኑትን ጉዳዮች የሚመለከት ልማድ ሁሉ ተሻረ። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሕግ እንደ ታላቅ የጥበብ ሥራ ሲወሳ ሰምተናል፤ ታላቅነቱንም አንክድም። ይሁን እንጂ በፓሪስ ለሚኖር ሊቅ አንድ የዓፋር ሰው ሕጉን በቃሉ ይዞ እንደሚዞር ሊሰወርበት ይችላል። ለአዲስ አበባ ባለሥልጣን ግን ሊሰወርበት አይገባም ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ ስውር የሆነው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። እንደዚህ ሕግ መሠረታዊ ደንብ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ሥራውን በሚያካሂድበት ሥፍራ ባለው ፍርድ ቤት ነው፤ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ ደግሞ ንብረቱ ባለበት ነው። በዓለም ዙሪያ የታወቀ፣ በራሱም ቅን የሆነ ደንብ ነው። ነገር ግን መኖሪያው በወቅት የሚለዋወጥ፣ ንብረቱም በአራት እግሩ የሚሄድ ተከሳሽ ሲያጋጥም ደንቡ መሬት ሳይነካ ይቀራል። መጥሪያው ይጻፋል፤ የሚቀበለው አይገኝም።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በአገሮች መካከል ባለው ድንበር ላይ ይህ ችግር ቀደም ብሎ ታስቦበት ነበር። በ1889 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሮድ ጋር በተዋዋሉበት ጊዜ፣ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ ሶማሊላንድ መካከል በተሠመረው መስመር ግራና ቀኝ ያሉ ነገዶች በወዲያኛው ወገን ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ የውሃ ጉድጓዶችም ክፍት እንዲሆኑ፣ ተሻጋሪዎቹም በደረሱበት አገር ባለሥልጣን ዳኝነት ሥር እንዲሆኑ ተጽፏል። በኅዳር 1947 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነትም የሐውድ ግጦሽ ጉዳይ እንደገና ዝርዝር ደንብ ወጣለት። የቅኝ ገዥን ውል ለማመስገን ብለን አላነሣነውም፤ ያ መስመር ለሶማሌው ሕዝብ ያደረሰበት መከፋፈል ይታወቃል። ነገር ግን ሁለት መንግሥታት ለሚሻገር ግመል አንቀጽ ሲጽፉ፣ በአንድ መንግሥት ውስጥ ያሉ ሁለት አውራጃዎች ይህን አለማድረጋቸው መታለፍ የለበትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ነገሩ መሠረታዊ ለውጥ አገኘ። አዋጁ በዘመኑ ቃል «ዘላን» ብሎ ለጠራው ሕዝብ የተለየ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በልማድ ሲጠቀምበት በኖረው የግጦሽ መሬት ላይ የይዞታ መብት አወቀለት፤ ለባላባት ይከፍል የነበረውን ሰረዘ፤ ማኅበር እንዲያቋቁምና ግጦሹንና ውሃውን በመተባበር እንዲጠቀም፣ መንግሥትም ጉድጓድ እንዲያስቆፍር ደነገገ። አንድ ሰው ይህን ምዕራፍ ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት ጎን አስቀምጦ ቢያነበው ልዩነቱ የሌሊትና የቀን ነው። ችግሩ ያለው «በልማድ ሲጠቀምበት በኖረው» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። በሚኤሶ ያንኑ ሜዳ ኢቱው በክረምት፣ ኢሳው በበጋ በልማድ ይጠቀምበታል። ሁለቱም ልማድ አላቸው። አዋጁ ለሁለቱም መብት ሰጠ፤ በመካከላቸው የሚፈርደውን ግን ለይቶ አልሰየመም።

የገበሬ ማኅበራት በ800 ሄክታር ገደማ ስፋት ሲደራጁ የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ኖራቸው። ከተሜው አንባቢም በአዋጅ ቁጥር 47 ከተቋቋመው ከቀበሌው ሸንጎ ጋር አነጻጽሮ ሊረዳው ይችላል። ሙግቱ ከጎረቤቱ፣ ዳኛውም ራሱ የመረጠው ሰው ሆነ። ለደጋው ገበሬ ይህ ከአሰበ ተፈሪ ደጅ ጥናት የገላገለው ትልቅ ነገር ነበር። ለቆላው ግን 800 ሄክታር ማለት አንድ መንጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግጦ የሚያልፈው ሥፍራ ነው። ሸንጎው በሚገባ ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝም በ1969 ዓ.ም. የባቡሩ ድልድዮች ተሰብረው መስመሩ ተቋረጠ፤ የሶማሊያ ጦር ወረራ ተከተለ። በጦርነት ጊዜ የዳኛን ጥሪ የሚሰማ የለም፤ ይልቁንም ያ ጦርነት በኢሳውና በኢቱው እጅ ጥሎት የሄደው ጠመንጃ ከጦርነቱ በኋላ የሙግት አቋራጭ መንገድ ሆነ። በ1980 ዓ.ም. ሐረርጌ ተከፋፍሎ ምዕራብ ሐረርጌ ራሱን የቻለ አስተዳደር አካባቢ ሲሆን፣ ሚኤሶም በዚሁ ሥር ቀጠለች።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በብሔር ብሔረሰቦች ክልል ሲያዋቅር፣ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረ። «ጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ»ም «ኢሳና ጉርጉራ»ም በመዝገብ ብቻ የሚገኙ ስሞች ሆኑ። በእነርሱ ፋንታ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሚኤሶ የሚባል ወረዳም በሁለቱም ወገን ኖረ። አንዱ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ ሌላው በሺኒሌ፣ በኋላ ሲቲ በተባለው ዞን ሥር። እያንዳንዱ ክልል የራሱን የሥራ ቋንቋ ስለመረጠ በአንዱ ችሎት ኦሮምኛ፣ በሌላው ሶማልኛ የዳኝነት ቋንቋ ሆነ። ይህ የቀድሞውን አስተርጓሚ ከመካከል ያወጣ ታላቅ እርምጃ መሆኑን የሚክድ ካለ በአማርኛ ችሎት ተከራክሮ የማያውቅ ኦሮምኛ ተናጋሪ አይደለም። ሆኖም ከተከራካሪዎቹ አንዱ የወዲያኛው ወገን ሰው ሲሆን አስተርጓሚው በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘት፣ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአንቀጽ 48 ደግሞ የክልሎች የወሰን ክርክር በስምምነት፣ ስምምነት ከጠፋ በሕዝብ አሠፋፈርና ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ በፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወሰን አዘዘ። በሁለቱ ክልሎች መካከል ያለው ክርክር በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በ12 ወረዳዎች ውስጥ በሚገኙ 420 ያህል ቀበሌዎች ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ በይፋው ውጤት መሠረት ከአካባቢዎቹ 80 በመቶ ገደማው ወደ ኦሮሚያ ገባ።

ድምፅ መስጠት ከመታኮስ እንደሚሻል አያከራክርም። ነገር ግን ድምፁ የተቆጠረው በቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ደግሞ የቋሚ ነዋሪ መለኪያ ነው። በጥቅምት ወር በአንድ ቀበሌ የሚገኝ ሰው በየካቲት ላይገኝ ይችላል፤ በየካቲት የሚመጣውም በጥቅምት አልተቆጠረም። ሣሩን የሚካፈሉት ሰዎች የወራት ባለመብቶች ሳሉ፣ ውሳኔው የዓመት ሙሉ ባለቤት ሰየመ። ከዚያ በኋላ የወሰኑ ጥያቄ «የማን ቀበሌ?» ወደሚለው ሲጠብ፣ ከወሰኑ ማዶ ውሃ መጠጣት የወሰን መጣስ መስሎ መታየት ጀመረ። በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን ላይ የተቀሰቀሰው ግጭት መቶ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። በዚያ ጥፋት የሌሎች ብዙ ነገሮች እጅ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ሁሉን በዳኝነት ጉድለት ማሳበብ የዋህነት ይሆናል። ሆኖም ፍየሉ የተነዳበት ሰው የሚከስበት ደጅ ባጣ ቁጥር፣ በጎሣው ስም የሚመለስለት ሰው እንደሚያገኝ መዘንጋት አይገባም።

የኑሮው መሠረት ግን ወሰኑን ሳይጠይቅ ይሠራል። በሚኤሶ ወተት የሚሸጡ ሴቶች በተራ የሚሰበስቡበት «ፈረቃ» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ አንዷ የሁሉንም ወተት በአንድ ቀን ሸጣ ገንዘቡን ትይዛለች፤ በማግስቱ ተራው የሌላዋ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመርም ከሰበታ እስከ ሚኤሶ በአንድ የቻይና ተቋራጭ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ በሌላው ተሠርቶ ሚኤሶ ላይ ተገጣጥሟል።

የሕጉም ነገር እንደ ቀድሞው አልቆመም። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጠ። የኢሳዎች ሔር በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. ቀድሞት ነበር። በ1953 ዓ.ም. የተሻረው ልማድ በሌላ ክብር ተመለሰ ማለት ነው። ነገር ግን የክልል ምክር ቤት አዋጅ ከክልሉ ወሰን አያልፍም፤ የቅርስ መዝገብም ፍርድ አያስፈጽምም። ኢቱው በኢቱዎች ዘንድ፣ ኢሳው በኢሳዎች ዘንድ ዳኛ አለው። ጥያቄው የሁለቱ ክስ ነው።

ለዚህም ሕጉ መልስ ሰጥቷል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25፣ በተለያዩ ክልሎች በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣን ክርክር የፌዴራል ጉዳይ አደረገው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ደግሞ የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርቦ እንዲይዝ ተደረገ። እንግዲህ በሚኤሶ ውሃ ዳር የአንድ ኢቱ ፍየል በአንድ ኢሳ መንጋ ውስጥ ተቀላቅላ ብትቀር፣ ክሱ ከሚኤሶ ወረዳ ችሎት አልፎ ከዞኑ ከተማ የሚቀመጥ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ባለ ፍየሉ እንደ አያቱ ዳገቱን ወደ ጭሮ ይወጣል። እዚያም ጸሐፊው ሕጉን ይጠቅስለታል፤ የ1988ቱ አዋጅ ቃል «በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት የሚኖሩ» የሚል ነበር፤ ስለሆነም ተከሳሹ በቋሚነት የሚኖረው የት እንደሆነ ይጠይቀዋል።